አገዳና ናፍጣ በራያ ቆላ

በምዕራብ በላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች የተከበበው የቆቦ ሜዳ የማሽላ አገር ነው። ገበሬው ከማሽላው የሚያገኘው ግን እህል ብቻ አይደለም። ቅጠሉና ለስላሳው አገዳ ለከብት መኖ፣ ጠንካራው ለቤት ክዳንና ለአጥር፣ የተረፈው ደግሞ ከኩበት ጋር ለምጣድ ማገዶ ይውላል። ስለዚህ የራያ ቆላ የነዳጅ ታሪክ የሚጀምረው ከናፍጣ ሳይሆን ከአገዳ ነው። በ1965ና በ1966፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ድርቅ እህሉን ብቻ ሳይሆን መኖውንና ማገዶውንም ጭምር ነው የነሣው።

ሞተርን በዕፅዋት ነዳጅ ማንቀሳቀስ የቆየ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ፔትሮሊየም እየረከሰ ሲሄድ ሐሳቡ ተዘነጋ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ግን እንደገና ተነሣ። ብራዚል ከሁለት ዓመት በኋላ ከሸንኮራ አገዳ አልኮል የማምረት ብሔራዊ ፕሮግራም ዘረጋች።

በኢትዮጵያ ለዚህ በር የከፈተው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሲሆን፣ ከሞላሰስ የተጣራው ኤታኖል በ2001 ዓ.ም. 5 ከመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 ከመቶ እየሆነ በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ተቀላቀለ። አቅርቦቱ በማነሱ ቅልቅሉ ኋላ ቢቋረጥም፣ የአሠራሩ መሠረት ትክክል ነበር፤ ሞላሰስ ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀር ተረፈ ምርት በመሆኑ ከማንም ገበታ አልተወሰደም።

የባዮዲዝሉ ዕጣ ከዚህ የተለየ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የአገሪቱ የባዮፊውል ስትራቴጂ ለዘይት ተክሎች የሚስማማ ከ23 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንዳለ ገምቶ ነበር። ብዙ ተስፋ የተጣለባት ጃትሮፋ በባቲ ገበሬዎች ዘንድ ከብት ስለማይበላት በአጥርነት የታወቀች ናት። ድርቅን ትቋቋማለች፤ ውሃ ሲያጥራት ግን ፍሬዋ አነስተኛ ነው። ተክል አለመሞቱ ብቻውን ምርት እንደማይሆን በልዩ ልዩ አገሮች የከሰሩ የጃትሮፋ እርሻዎች አሳይተዋል። ከዚህም ሌላ በካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው መሬት ለአርብቶ አደሩ ግጦሽ፣ ለሴቶች የእንጨት መልቀሚያ ነው።

በቆቦ ሜዳ ይህ ጥያቄ በተለይ የሚከብደው በውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃቸውን የሚሰጡት በመብራት ኃይል ወይም በናፍጣ ነው፤ ናፍጣው ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ታዲያ ነዳጁን እዚያው ለምን አያበቅሉትም? ሒሳቡ ክብ ይሆናል፤ የዘይቱ ተክል በደህና እንዲያፈራ የሚያስፈልገው ውሃ ራሱ በሞተር የሚወጣ ነውና። ልጆች የሚያኝኩት ጥንቅሽ ከነእህሉ ጣፋጭ ጭማቂ ስለሚሰጥ የተሻለ ዕጩ ይመስላል። ነገር ግን ጭማቂው ፈጥኖ ይቦካል፤ አዝመራው በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ በመሆኑ ማጣሪያው የቀረውን ጊዜ ሥራ ይፈታል። ከቤንዚን የሚቀላቀለው አልኮል ከ99 ከመቶ በላይ መጥራት ስላለበትም የአረቄ ጋን አይበቃውም።

በ2001 ዓ.ም. በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ሌላ መንገድ ያመለክታል። ከኩበቱ ጋዙ ለምድጃ ይወጣል፤ ዝቃጩም ማዳበሪያ ሆኖ ወደ ማሳው ይመለሳል። ቢሆንም ለፋንድያው ከሞላ ጎደል እኩል ውሃ ስለሚያስፈልግ፣ ውሃ በራቀበት ቆላ ሸክሙ በእናቶች ጀርባ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ በራያ «ተረፈ ምርት» የሚባለው ሁሉ አስቀድሞ ባለቤት አለው። አገዳውን ወደ ነዳጅ ለመለወጥ የሚነድፍ መሐንዲስ ከሊትርና ከኪሎዋት በፊት ሊያሰላው የሚገባው፣ በሬው በበጋ ምን እንደሚበላና ምጣዱ በምን እንደሚሰማ ነው።