«ይለፍ»፦ ከአንኮበር ደጅ እስከ 26ኛው ተጠቃሚ



«የይለፍ ቃል» የሚለው ስያሜ ከኮምፒውተር ጋር ይምጣ እንጂ፣ «ይለፍ» የቆየ የበርና የኬላ ቃል ነው። የዛሬው ንግግሬ በፈቃድ የሚሸጥ ሶፍትዌር ስንት ተጠቃሚ እንደሚያስገባና ይህ ወሰን እንዴት እንደሚፈተሽ ይመለከታል። ጉዳዩ የታሪክ መምህር ሥራ አይመስልም፤ ስለዚህ ከምናውቀው ከአንኮበር ልጀምር።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ሸዋን ሲገዙ፣ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ ያቋረጠ የውጭ አገር ሰው ይፋት ጠረፍ ላይ የንጉሡን ፈቃድ ይጠብቅ ነበር። የብሪታንያው መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1841 በዚሁ መንገድ ገብቶ፣ በዚያው ዓመት ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ ደግሞ በ1839 ገብቶ አንኮበር ተቀመጠ፤ በ1842 ከሸዋ ወጥቶ በታጁራ በኩል ሊመለስ ሲል ግን ተከለከለ። አንድ ጊዜ መግባት ዳግመኛ ለመግባት ዋስትና አልነበረም ማለት ነው። ነገር ግን በሩ ቢዘጋበትም በሸዋ ሳለ የጻፈው ማስታወሻ በስሙ ታትሞ ለእኛ ደርሷል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የኮምፒውተሩም በር የራሱ ታሪክ አለው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1961 ለእይታ የበቃው ሲቲኤስኤስ የተባለው ሥርዓት አንዱን ኮምፒውተር ብዙ ሰዎች እንዲጋሩት አስቻለ፤ ለየተጠቃሚውም የይለፍ ቃልና የሰዓት ድርሻ ተሰጠው። በ1962 አለን ሸር የተባለ ተመራማሪ ድርሻው ስላልበቃው፣ የሁሉንም የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል አትሞ በሌሎች ስም ገባ። አይቢኤም በ1969 ሶፍትዌርን ከማሽኑ ለይቶ እንደሚሸጥ ሲያስታውቅ ፕሮግራም ራሱን የቻለ ሸቀጥ ወደ መሆን አመራ። በኋላም ኖቬል የኔትወርክ ሶፍትዌሩን ለ5፣ ለ10፣ ለ25፣ ለ50 ተጠቃሚ እያለ በዋጋ ከፍሎ ሸጠ። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መደበው። እንግዲህ ወሰኑ ሊከበር የሚገባው ውል ነው፤ መፈተሽ ማለትም እንደ ሸር ማለፍ ሳይሆን አስቀድሞ ማወቅ ነው።

አለማወቅ የሚያስከፍለውን አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ የትምህርት ተቋም ሳገለግል፣ ለ25 ተጠቃሚ የተፈቀደ የመዝገብ ሶፍትዌር ነበረን። በምዝገባ ቀን አዲስ የተቀጠረች ባልደረባችን መለያ ሊከፈትላት ሲል ሥርዓቱ እምቢ አለ፤ 26ኛዋ ነበረች። ከ25ቱ መለያዎች ውስጥ የጡረተኞች፣ የተዛወሩና በሞት የተለየን አንድ ወዳጃችን ይገኙበታል። ሰልፉ ከቢሮው ውጭ ተርፎ ስለ ነበር እኔ ራሴ «ሰርዟቸው» አልሁ። ቦታ ተገኘ፤ ምዝገባውም ቀጠለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አንድ ተማሪ ውጤቱን ማን እንደ ለወጠው ሲጠይቅ፣ በመዝገቡ ላይ የአራሚው ስም ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከመለያው ጋር ስሙም ጠፍቷል። ተማሪው መልስ ሳያገኝ ሄደ። ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ፣ ዕድሜዬን ሁሉ የብራና ጽሑፍ ይዤ «ይህን ማን ጻፈው?» እያልሁ የምጠይቅ ሰው ነኝ።

ስለዚህ ወሰኑ ከጭንቅ ቀን በፊት ይፈተሽ። ሻጩ እያወቀ፣ እውነተኛ መዝገብ በሌለበት የሙከራ ቅጂ ላይ፣ 24ኛው፣ 25ኛውና 26ኛው መለያ በየተራ ይከፈት። የሚቈጠረው የተመዘገበ ስም ነው ወይስ በአንድ ጊዜ የገባ ሰው? በመጀመሪያው ዐይነት የሄደም ሰው ቦታ ይይዛል፤ በሁለተኛው የወጣ ሰው ቦታውን ለሌላው ይለቃል። አንድ ሰው በሁለት ኮምፒውተር ቢገባ እንደ አንድ ይቈጠራል ወይስ እንደ ሁለት? መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ በሥርዓቱ ሳይወጣ የቀረው ሰው ቦታ እስከ መቼ ተይዞ ይቈያል? ከሁሉም በላይ፣ የታገደ እንጂ ያልተሰረዘ መለያ ከቍጥሩ ይገባል ወይ? መለያው ቢሰረዝስ፣ ባለቤቱ የሠራው ሥራ ስሙን እንደ ያዘ ይቀራል? መልሱ ሁሉ ከውሉ ጋር ተነጻጽሮ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ለክራፕፍ የተዘጋበት በሩ ብቻ ነበር፤ ስሙ ከጻፈው ላይ አልተፋቀም። እኛ ግን በአንድ ጧት በሩንም ስሙንም አጠፋን። የመግባት ፈቃድ ባለቤቱ ሲሄድ ሊነሣ ይችላል፤ ማን ምን እንደ ሠራ የሚመሰክረው መዝገብ ግን አብሮ ሊነሣ አይገባም።