በመኖሪያ ቤት የቨርሚኮምፖስት ዝግጅት የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ቨርሚኮምፖስት በቀይ ትሎች አማካይነት ከማዕድ ቤት የአትክልትና የፍራፍሬ ቅሪት፣ ከእንስሳት ፍግና ከደረቅ ቅጠል የሚዘጋጅ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ነው። ለዚሁ ሥራ በብዛት የሚውለው ትል ኤሴኒያ ፌቲዳ በሚል ሳይንሳዊ ስም ይታወቃል። በአግባቡ የተያዘ የትል ማርቢያ ሳጥን ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ጥቁር፣ ልልና የአፈር ሽታ ያለው ማዳበሪያ ይሰጣል። አያያዙ ሲጓደል ግን ትሎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያልቁ ይችላሉ።

ትል የሚተነፍሰው በቆዳው በመሆኑ እርጥበትና አየር በአንድነት ያስፈልጉታል። አብዛኞቹ ችግሮች የሚመነጩት ከሁለቱ የአንዱ መዛባት ወይም ከምግብ መብዛት ነው። ስለሆነም ማንኛውንም እርምጃ ከመውሰድ በፊት መንስኤውን መለየት ይገባል።

የእርጥበት መጠን መፈተሻ

ከሳጥኑ አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ ወስዶ በእጅ መጭመቅ ያስፈልጋል። ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣ እርጥበቱ ተመጣጣኝ ነው፤ ውኃ ከፈሰሰ በዝቷል፤ ምንም ካልወጣ ደርቋል።

መጥፎ ሽታ

የብስባሽ ሽታ አየር ማነሱን ወይም ትሎቹ በልተው ከሚጨርሱት በላይ ምግብ መጨመሩን ያመለክታል። በዚህ ጊዜ ምግብ መጨመርን ማቆም፣ የተረፈውን ማውጣት፣ ጉዝጓዙን በቀስታ ማላላትና የተቀዳደደ ካርቶን ወይም ደረቅ ገለባ መጨመር ይገባል። በሳጥኑ ሥር ያሉት የማንጠፊያ ቀዳዳዎችም መደፈን አለመደፈናቸው ይታያል።

ትሎች ወደ ክዳኑ መውጣት

አዲስ የገቡ ትሎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንከራተታቸው የተለመደ ነው። ትል ብርሃንን ስለሚሸሽ በእነዚህ ሌሊቶች መብራት አብርቶ ማሳደር ይረዳል። የለመዱ ትሎች በአንድነት ከወጡ ግን ጉዝጓዙ ውኃ በዝቶበታል፣ ሞቋል ወይም ኮምጥጧል ማለት ነው። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ እንዲሁም የጠላ አተላ መጨመርን ማቆምና የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት መበተን ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል።

ዝንብ፣ ጉንዳንና አይጥ

ጥቃቅን ዝንቦች የሚበዙት ምግቡ ከላይ ሲጋለጥ በመሆኑ ምግቡን ቀብሮ በደረቅ ጉዝጓዝ መሸፈን ያስፈልጋል። ጉንዳን መግባቱ ብዙ ጊዜ የድርቀት ምልክት ስለሆነ ውኃ ማርከፍከፍና የሳጥኑን እግሮች ውኃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ማቆም ይመከራል። አይጥን ለመከላከል ክዳኑን አጥብቆ መግጠምና ቀዳዳዎቹን በወንፊት ሽቦ መሸፈን ይገባል። የፀረ ተባይ ኬሚካል ትሎቹንም ስለሚገድል በሳጥኑ ውስጥና በአካባቢው መርጨት አይገባም።

የትሎች ቁጥር መቀነስ

የሞተ ትል በፍጥነት ስለሚበሰብስ ጉዳቱ ሳይስተዋል ሊቆይ ይችላል። ለትሎቹ የሚስማማው ሙቀት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን 35 ዲግሪ ሲደርስ ለሞት ያጋልጣቸዋል። በመሆኑም ሳጥኑ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በታፈነ ቦታ ወይም በፀሐይ ላይ ሳይሆን ነፋሻማ በሆነ ጥላ ሊቀመጥ ይገባል። ትኩስ ፍግ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ አስቀድሞ ከ2 እስከ 3 ሳምንት እንዲብላላ መደረግ አለበት።

ትሎቹ ያለቁ ቢመስልም ጉዝጓዙን ወዲያውኑ መጣል አይገባም። በውስጡ እንቁላል ሊኖር ስለሚችል ሁኔታውን አስተካክሎ ከ3 እስከ 4 ሳምንት መጠበቅ አዲስ ትሎች እንዲፈለፈሉ ዕድል ይሰጣል።

ወደ ሳጥኑ የማይገቡ

ሥጋ፣ ወተት፣ ዘይትና ጨው ያለበት የወጥ ትራፊ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንዲሁም የውሻና የድመት ዓይነ ምድር ወደ ሳጥኑ መግባት የለባቸውም።

ድጋፍ ለማግኘት

በእነዚህ እርምጃዎች ችግሩ ካልተወገደ በቀበሌው የሚገኘውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ማማከር ይቻላል። ባለሙያው ችግሩን በቀላሉ እንዲለይ የተጨመረውን የምግብ ዓይነት፣ የተጨመረበትን ቀንና የታየውን ምልክት መዝግቦ መቅረብ ይጠቅማል።