በኤምአርአይ ምስል ላይ የሚታይ የአጥንት መቅኔ ለውጥ ምንን ያመለክታል?

ለጀርባ ወይም ለዳሌ ሕመም የኤምአርአይ ምርመራ ያደረጉ ሰዎች፣ በውጤት ወረቀታቸው ላይ "በአጥንት መቅኔ ላይ ያልተለመደ ለውጥ ታይቷል" የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያነቡ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ካንሰርን ነው።

ሆኖም ይህ ዐረፍተ ነገር የበሽታ ስም አይደለም። ተጨማሪ ምርመራ የሚሻ ጥያቄ ነው። መልሱም ታማሚው ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ይለያያል። ለዚህ የሱዳን መዲና ካርቱም ጥሩ ማሳያ ናት።

መቅኔ በምስል ላይ

መቅኔ በአጥንት ውስጥ የሚገኝ ለስላሳ አካል ሲሆን፣ ሁለት ዓይነት ነው። ቀዩ መቅኔ የደም ሕዋሳትን ያመርታል። ቢጫው መቅኔ በአብዛኛው ስብ ነው።

ሕፃን ሲወለድ መቅኔው ከሞላ ጎደል ቀይ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ከእጅና ከእግር ጫፎች ጀምሮ ወደ ቢጫ ይለወጣል። በአዋቂዎች ቀዩ መቅኔ በዋናነት በአከርካሪ፣ በዳሌ፣ በጎድን አጥንትና በደረት አጥንት ይቀራል።

ቲ1 በተባለው የኤምአርአይ ምስል ላይ ስብ ነጣ ብሎ ይታያል። በመሆኑም የአዋቂ ሰው ጤናማ መቅኔ ከአጠገቡ ካለው ጡንቻ ወይም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ካለው ዲስክ የበለጠ ይነጣል። ከእነዚህ ከጠቆረ፣ የስቡን ቦታ ሌላ ነገር እንደያዘው ይጠረጠራል።

የያዘው ነገር ሉኪሚያ፣ መልቲፕል ማይሎማ ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍል የተዛመተ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በአከርካሪ ላይ የሚያስከትለው ኢንፌክሽን፣ አደጋ ያደረሰው ጉዳት ወይም በደም ማነስ ምክንያት ዳግም የተስፋፋ ቀይ መቅኔም ተመሳሳይ ጥላ ይፈጥራል። ማጨስና ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ቀዩ መቅኔ እንዲበዛ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ካርቱም ውስጥ

ሲክል ሴል የተባለው በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም በሱዳን ከተመዘገበ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ተመራማሪው ሮበርት አርቺባልድ የመጀመሪያውን ታማሚ በተመለከተ ጽሑፍ ያሳተሙት እአአ በ1926 ነበር። ሕመሙ በኮርዶፋንና በዳርፉር በብዛት ይታያል። ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች ወደ ካርቱም ሲመጡ ሕመሙም አብሯቸው መጥቷል።

በዚህ ሕመም የማጭድ ቅርጽ የሚይዙት ቀይ የደም ሕዋሳት የደም ሥርን ይዘጋሉ፤ ደም ያጣው የመቅኔ ክፍልም ይሞታል። ሐኪሞችን የሚፈትነው ይህ ጉዳት በምስል ላይ ከአጥንት ኢንፌክሽን ጋር መመሳሰሉ ነው። ከሁለቱ በብዛት የሚያጋጥመው በደም እጦት የሚመጣው ሲሆን፣ ሕክምናው ማስታገሻና ፈሳሽ ነው። ኢንፌክሽን ከሆነ ግን ለሳምንታት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል። ስለዚህ የታማሚው ትኩሳት፣ የደም ምርመራውና አንዳንዴም ከአጥንቱ የሚወሰደው ናሙና ከምስሉ እኩል ይመዝናሉ።

ሌላው ማይሴቶማ ነው። በእሾህ ወይም በሌላ ቁስል በኩል የሚገባ ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ በተለይ እግርን ያሳብጣል፤ ሥጋውን አልፎም አጥንቱንና መቅኔውን ያጠቃል። በኤምአርአይ ላይ በነጭ ክብ መካከል ጥቁር ነጥብ ከታየ፣ ነጥቡ የተሕዋስያኑ ክምችት ነው። ይህ ምልክት ሐኪሙን ከካንሰር ይልቅ ወደ ማይሴቶማ ይመራዋል።

እአአ በ1991 የተቋቋመው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል በዘርፉ በዓለም ከሚታወቁት ቀዳሚው ነበር። እአአ ሚያዝያ 2023 በተቀሰቀሰው ጦርነት ማዕከሉ ወድሟል፤ ለዓመታት የተከማቸው የታማሚዎች መረጃም ጠፍቷል።

ቀጥሎ ምን ይደረጋል?

ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በሙሉ የደም ቆጠራ ይጀምራሉ። እንደ ጥርጣሬው የሄሞግሎቢን ዓይነት፣ የደም ፕሮቲን ወይም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይከተላል። ጥያቄው ካልተፈታ ከመቅኔው ናሙና ይወሰዳል።

የቀድሞ ምስልም ትልቅ ዋጋ አለው። ለዓመታት ያልተለወጠ ጥላና በወራት ውስጥ የሰፋ ጥላ አንድ አይደሉም። የሆስፒታል መዝገብ በጠፋበት ወይም ታማሚው አገር ለቆ በተሰደደበት ሁኔታ፣ ማነጻጸሪያው በእጁ ያለው ሲዲና የውጤት ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ወይም እንቅልፍ የሚነሳ የሌሊት ሕመም ካለ ምርመራው መዘግየት የለበትም። የእግር መስነፍ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከታየ ደግሞ ነርቭ ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።