ከሐዲዱ ማዶ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ነገሩ ከሱማሌ ተራ ይጀምራል። የአዲስ አበባ ከተማ ባቡር በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረ ሰሞን ነው። እኔ ያኔ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ሹፌር ነበርኩ። ደንበኞቻችን ጋራዦች ናቸው። ጋራዥ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት መኪናውን ክሪክ ላይ ሰቅሎ፣ ሆዱን ዘርግፎ ይደውልና «ኩሽኔታ! ዛሬውኑ!» ይላል። ነገ ብታመጣለት ማን ያይሃል? ከሌላ ሱቅ ገዝቶ፣ ገጥሞ፣ ሒሳቡን ተቀብሏል።

ያን ቀን 12 ጋራዥ ደረሰኝ። ወጣትም ችኩልም ነኝ፤ ትዕዛዙ በተደወለበት ተራ ጭኜ ወጣሁ። ቄራ፣ ከቄራ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ተመልሶ ጎፋ። አቤት ብልሃት!

ሳሪስ ስደርስ ጋራዡ በግራዬ ነው። መካኒኩ በር ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልብልኛል፤ ቱታው ላይ ያለው ግሪስ ሳይቀር ይታየኛል። በመሃላችን ግን ሐዲዱ ከነአጥሩ ተገትሯል። ያ ባቡር ጎዳናውን ለሁለት ከሰነጠቀው ወዲህ፣ መዞሪያው የት እንዳለ የሚያውቅ ያውቃል፤ ያላወቀ እንደኔ ወደ ቃሊቲ ይነጉዳል። ዞሬ ስመለስ መካኒኩ ምሳ ወጥቷል። የሱ ዕቃስ? ከሁሉም ሥር! ሁለት ማርሚታና አንድ ፍሪሲዮን ተጭነውታል። አስፋልት ዳር ሁሉንም አውርጄ መልሼ ጫንኩ። አራቱን ሳላደርስ መሸብኝ።

ጋሼ፣ ባለሱቁ ማለቴ ነው፣ አልተቆጡም። የካንዴላ ካርቶን ክዳን ቀደው እስክሪብቶ አወጡ። ኪሎ ሜትር ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «የማን በር በየትኛው በኩል ነው? ማን ስንት ሰዓት ምሳ ይወጣል?» አሉኝ። መሃሉ ላይ ሐዲዱን አሰመሩ። «በቀኝ ያሉትን ስትወርድ፣ በግራ ያሉትን ስትመለስ። መጨረሻ የሚወርደውን መጀመሪያ ጫን።»

ይህን የጋሼን ካርቶን ኋላ በሌላ ቦታ አገኘሁት። እንደ አውሮፓውያኑ በ1959 ጆርጅ ዳንዚግ እና ጆን ራምዘር የተባሉ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ የቦቴ መኪና ስምሪት ላይ ጽፈዋል፤ ቤንዚን ከማከፋፈያ ወደ ማደያዎች በምን ተራ ይዳረስ ነው ጥያቄው። የምሳሌያቸው ማደያዎች ስንት ቢሆኑ ጥሩ ነው? 12! ልክ እንደኔ ጋራዦች። ለአንድ መኪና 12 ቦታ በ479,001,600 ዓይነት ተራ ይዳረሳል። በሴኮንድ አንዱን እየቆጠርክ ሌት ተቀን ብትቀመጥ 15 ዓመት ያልፍሃል። ጋራዡ እስከዚያ ይጠብቅሃል?

በ1964 ደግሞ ክላርክና ራይት አቋራጭ አመጡ። ሁለት ደንበኛ ጋ ለየብቻ ሄዶ ከመመለስ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍ ስንት መንገድ ያተርፋል? ብዙ ከሚያተርፉት ጥንዶች ጀምረህ አያይዝ፤ መኪናው እስኪሞላ። ጋሼ ይህን ያነበቡ አይመስለኝም፤ ግን ቄራንና ጎፋን ሁሌም አጣምረው ነበር የሚልኩኝ። ወደ ግራ መሻገርም ቢሆን የኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ዩፒኤስ የሚባለው የአሜሪካ ዕቃ አመላላሽ፣ ሹፌሮቹ በተቻለ መጠን ወደ ግራ እንዳይታጠፉ አድርጎ ነው መንገድ የሚያወጣላቸው፤ ከፊት የሚመጣውን መኪና አሳልፋለሁ እያሉ ቆመው ነዳጅ እንዳይፈጁ።

ወደ ካርቶኑ ልመልሳችሁ። በማግስቱ ይዤው ወጣሁ። ሳሪስ ስደርስ በግራዬ ያለውን ጋራዥ አየሁት፤ መካኒኩም አየኝ፤ እጁን አነሳ። አልቆምኩም። ከቃሊቲ ስመለስ በሩ በቀኜ ሆነ፤ ዕቃውም ከላይ ነበር። «ትናንት ያለፍከኝ ሳያንስ ዛሬም!» ብሎ ሳቀብኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሱቅ ተመለስኩ። ካርቶኑ ላይ 12ቱም ተሰርዘዋል። ከነሱ በታች ግን ጋሼ ማታ ሲያሰምሩ ሁለት መስመር ባዶ ትተው ነበር። እንደነዳንዚግ ማደያዎች ሁሉ የኛም ትዕዛዝ አስቀድሞ የታወቀ መስሎኝ፣ እዚህ ጋ ባዶ ምን ይሠራል ብዬ፣

«ጋሼ፣ እነዚህ የማን ናቸው?» አልኳቸው።

ሻያቸውን ፉት አሉና፣ «ገና ያልደወሉት ናቸው» አሉኝ።