ፍሬድ ጌጅ

ፍሬድ ጌጅ (የተወለዱት በ1950 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የነርቭ ሳይንቲስት ናቸው። ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሳልክ ኢንስቲትዩት ስለ ስቴም ሴልና ስለ አንጎል ተመራምረዋል።

የአዋቂ ሰው አንጎል አዲስ የነርቭ ሕዋስ አያፈራም የሚለው እምነት ለረጅም ዘመን ጸንቶ ቆይቶ ነበር። ጌጅና ስዊድናዊው ፒተር ኤሪክሰን በ1998 ያሳተሙት ጥናት ግን አናጋው። በሕይወት ሳሉ ለካንሰር ምርመራ ሲባል የሚባዙ ሕዋሳትን ዲኤንኤ የሚያመላክት ንጥረ ነገር የተሰጣቸው ሕሙማን አንጎል ከሞታቸው በኋላ ሲመረመር፣ ለትውስታ ወሳኝ በሆነው ሂፖካምፐስ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት ተገኙ።

ቀደም ብሎ፣ በ1997፣ ቡድናቸው መጫወቻና መሮጫ በሞላበት ሰፊ ጎጆ የኖሩ አይጦች ብዙ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚኖሯቸው አሳይቷል።

በ2018 ሌላ ቡድን በአዋቂዎች ሂፖካምፐስ የአዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት ምልክት አላገኘሁም በማለቱ ክርክሩ እንደገና ተቀሰቀሰ። ያም ሆኖ የ1998ቱ ሥራ የዘርፉ መሠረት ነው።