ከግድቡ እስከ ጤና ጣቢያው

ቆቃ በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ጢስ ዓባይ በ1956 ተከተለ። ከዚያ ወዲህ መብራታችን በአመዛኙ ከወንዝ ስለሚመጣ ውሃ ሲጎድል እሱም ይጎድላል። በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆነ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ህዳሴ ሲመረቅ ሁላችንም ደስ አለን። ነገር ግን ከግድቡ እስከ ገጠሩ ጤና ጣቢያ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር አለ፤ አንዱ ከተበላሸ ጨለማ ነው። ነርስ ነኝና የጨለማው ዋጋ ይታየኛል፦ አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ ምጥም መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ አናንዴልና አካባቢው ያለን የማኅበሩ አባላት የዘንድሮ መዋጯችን ለወረዳችን ጤና ጣቢያ በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣና ለማዋለጃ ክፍሉ መብራት ይዋል እላለሁ።