ከሰደድ እሳት ወቅት በፊት የቤት መድን ሽፋንን ስለመፈተሽ፦ በካሊፎርኒያ ግዛት ለሚገኙ የቤት ባለቤቶች የተዘጋጀ መረጃ

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ሰደድ እሳት በብዛት የሚከሰተው ሣሩና ቁጥቋጦው በሚደርቅበትና ኃይለኛ ነፋስ በሚነፍስበት ጊዜ፣ በተለይም ከጁን እስከ ኖቬምበር ባሉት ወራት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ተነስቶ ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማ ያወደመው እሳት የ85 ሰዎችን ሕይወት ያጠፋ ሲሆን ከ18,000 በላይ ሕንጻዎችንም አቃጥሏል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የተቀሰቀሱት ሁለት ታላላቅ እሳቶች ደግሞ በድምሩ ከ16,000 በላይ ሕንጻዎችን አውድመዋል። የኋለኛው አደጋ በክረምት ወር መድረሱ የእሳቱ ወቅት ቁርጥ ያለ ወሰን እንደሌለው ያመለክታል። በመሆኑም በግዛቱ ቤት ያላቸው ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የመድን ውላቸውን በየዓመቱ በጸደይ ወራት እንዲፈትሹ ይመከራል።

በውሉ ማጠቃለያ ገጽ ላይ የሚታዩ ሽፋኖች

እያንዳንዱ የቤት መድን ውል «ዴክላሬሽን ፔጅ» የሚባል የማጠቃለያ ገጽ አለው። በዚህ ገጽ ላይ በአብዛኛው የሚከተሉት ሽፋኖች ከነከፍተኛ መጠናቸው ተዘርዝረው ይገኛሉ፦

- የመኖሪያ ቤቱ ሕንጻ፤
- ከቤቱ ተነጥለው የቆሙ ግንባታዎች፣ ለምሳሌ ጋራዥና አጥር፤
- የቤት ዕቃና የግል ንብረት፤
- ቤቱ መኖሪያ መሆን በማይችልበት ጊዜ ለጊዜያዊ መጠለያና ለተጨማሪ ወጪ የሚከፈል ገንዘብ፤
- ባለቤቱ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚኖርበት ኃላፊነት።

በዚሁ ገጽ ላይ መድን ገቢው ከራሱ የሚሸፍነው ተቀናሽ ሂሳብም ይጠቀሳል። ተቀናሹ ከፍ ሲል ዓመታዊው አረቦን ይቀንሳል፤ ይሁንና አደጋ በደረሰ ጊዜ ያ ገንዘብ ከቤተሰቡ ኪስ የሚወጣ ስለሆነ ከአቅም ጋር መመዛዘን አለበት።

የመድኑ መጠን ቤቱን መልሶ ለመሥራት ይበቃልን?

ከፍተሻው ሁሉ ዋነኛው ይህ ጥያቄ ነው። የሕንጻው መድን መጠን መመዘን ያለበት ያንኑ ቤት በዛሬ የግንባታ ዋጋ መልሶ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ወጪ ጋር ነው። የቤቱ የገበያ ዋጋ የመሬቱን ዋጋ ስለሚጨምር ለዚህ መለኪያነት አያገለግልም። አበዳሪ ባንክ የሚጠይቀው ሽፋንም በመጀመሪያ ደረጃ የባንኩን ብድር የሚጠብቅ በመሆኑ፣ ባንኩ የተቀበለው ውል ለቤተሰቡ በቂ ነው ማለት አይደለም።

ለምሳሌ ያህል፣ ስፋቱ 1,800 ካሬ ጫማ የሆነ ቤት አለ እንበል። በአካባቢው አንድ ካሬ ጫማ ለመሥራት 400 ዶላር የሚጠይቅ ከሆነ ቤቱን መልሶ ለመገንባት 720,000 ዶላር ያስፈልጋል። ውሉ ቤቱ ሲገዛ በተወሰነው 500,000 ዶላር ላይ ከቀረ 220,000 ዶላር ይጎድላል። በውሉ ውስጥ የ25 በመቶ ተጨማሪ የመልሶ ግንባታ ሽፋን ቢኖር ክፍያው እስከ 625,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን 95,000 ዶላር ከባለቤቱ ይፈለጋል። ይህን ጉድለት ከእሳቱ በኋላ ማስተካከል አይቻልም።

ስለዚህ የቤት ባለቤቶች ከመድን ድርጅታቸው ወይም ከወኪላቸው የመልሶ ግንባታ ወጪ ግምት በጽሑፍ እንዲጠይቁ፣ የተጨመረ ክፍል ወይም የታደሰ ወጥ ቤት ካለም እንዲያሳውቁ ያስፈልጋል። የቆየ ቤት ያላቸው ደግሞ አዲሱ የግንባታ ደንብ የሚያስከትለውን ተጨማሪ ወጪ የሚሸፍን አንቀጽ በውላቸው ውስጥ መኖሩን ሊያረጋግጡ ይገባል።

የቤት ዕቃና የንብረት ዝርዝር

የቤት ዕቃ ካሳ በሁለት መንገድ ይሰላል። አንደኛው ዕቃውን በአዲስ ለመተካት የሚያስፈልገውን ዋጋ የሚከፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው የአገልግሎት ዘመኑን ቀንሶ ዕቃው በዕለቱ ያለውን ዋጋ ብቻ የሚከፍል ነው። በሁለተኛው ስሌት ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ሶፋ የሚያስገኘው ካሳ አዲስ ለመግዛት አይበቃም።

እያንዳንዱን ክፍል፣ ቁም ሣጥንና መሳቢያ ከፍቶ በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ ቀላሉ የመመዝገቢያ ዘዴ ነው። ቅጂው ከቤት ውጭ በኢንተርኔት ማከማቻ ወይም በዘመድ ዘንድ መቀመጥ አለበት። የወርቅ ጌጣጌጥ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ የክፍያ ጣሪያ ስለሚደረግበት፣ በሠርግ ወይም በውርስ የተገኘ ወርቅ ያላቸው ቤተሰቦች በተለይ አስመዝግበው ተጨማሪ ሽፋን ሊገዙለት ይችላሉ።

ጊዜያዊ መኖሪያ

በግዛቱ ሕግ መሠረት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት አደጋ ጋር በተያያዘ ጉዳት የተጨማሪ ኑሮ ወጪ ሽፋን ያለው መድን ገቢ ይህን ሽፋን ከ24 ወራት ላላነሰ ጊዜ የመጠቀም መብት አለው። ክፍያው ግን በውሉ ከተጻፈው የገንዘብ ጣሪያ አያልፍም። ስለሆነም ጣሪያው በአካባቢው ካለው የቤት ኪራይ ጋር ሊነጻጸር ይገባል።

ውሉ እንደማይታደስ ማስታወቂያ ሲደርስ

የመድን ድርጅት የቤት መድን ውልን የማያድስ ከሆነ ውሉ ከሚያበቃበት ቀን ቢያንስ 75 ቀናት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ማስታወቂያው የደረሰው ሰው ወዲያውኑ ሌሎች ድርጅቶችን ማነጋገር ይኖርበታል። እሳት በአቅራቢያ ከተነሳ በኋላ ድርጅቶች አዲስ ውል መሸጥ ለጊዜው ሊያቆሙ ይችላሉና። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት የሰደድ እሳት ክልል ውስጥ ወይም አጎራባች በሆኑ ዚፕ ኮዶች የሚገኙ ቤቶችን በተመለከተ፣ ድርጅቶች በእሳት ስጋት ምክንያት ውል ከማቋረጥም ሆነ ሳያድሱ ከመተው ለ1 ዓመት በሕግ ይከለከላሉ።

ሌላ መድን ያላገኙ ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ1968 በተቋቋመው የካሊፎርኒያ ፌር ፕላን በኩል ሽፋን ሊጠይቁ ይችላሉ። ይህ ሽፋን በመሠረቱ ለእሳት፣ ለመብረቅ፣ ለጭስና ለቤት ውስጥ ፍንዳታ የሚያገለግል ነው። ስርቆትን፣ የቧንቧ ውኃ ጉዳትንና በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚኖር ኃላፊነትን ስለማይጨምር ከጎኑ ማሟያ ውል መግዛት ይመከራል። አረቦን ባለመከፈሉ ውሉ ከተቋረጠ አበዳሪው ባንክ በባለቤቱ ወጪ ሌላ መድን ሊገባ ይችላል፤ እንዲህ ያለው መድን በአብዛኛው ውድ ከመሆኑም በላይ የቤት ዕቃን ላይሸፍን ይችላል።

አረቦን የሚያስቀንሱ እርምጃዎች

የግዛቱ ደንብ ቤታቸውን ከእሳት ለመከላከል የተወሰኑ እርምጃዎችን ለወሰዱ ባለቤቶች የመድን ድርጅቶች የዋጋ ቅናሽ እንዲያደርጉ ያዛል። ከእርምጃዎቹ መካከል ደረጃ «ኤ» እሳት ተከላካይ ጣሪያ መሥራት፣ ከቤቱ ግድግዳ እስከ 5 ጫማ ድረስ ተቀጣጣይ ነገር አለማስቀመጥና የአየር ማስገቢያዎችን ፍም በማያሳልፍ ወንፊት መሸፈን ይገኙባቸዋል። የተሠራውን ሥራ የሚያሳዩ ፎቶግራፎችንና ደረሰኞችን ይዞ ቅናሹን መጠየቅ ይቻላል።

ተከራዮች

የአከራዩ መድን የተከራዩን ንብረት አይሸፍንም። ተከራዮች ለቤት ዕቃቸውና ለጊዜያዊ መኖሪያ ወጪ የተከራይ መድን ለብቻው መግዛት ይኖርባቸዋል።

እገዛ ለማግኘት

የካሊፎርኒያ የመድን መሥሪያ ቤት በስልክ ቁጥር 1-800-927-4357 ጥያቄዎችንና አቤቱታዎችን ያለክፍያ ይቀበላል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ተገልጋዮች ሲደውሉ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። ከመደወል በፊት የውሉን ቁጥር፣ የማጠቃለያ ገጹንና ከድርጅቱ የደረሱ ደብዳቤዎችን አዘጋጅቶ መያዝ ጉዳዩን ያፋጥናል።